አሪፋን ማግኘት አልተቻለም

ሙስዓብ ሞቶ የተገኘው ሐይቅ ከተማን ይዘው የነበሩት ተዋጊዎች ለቀው በወጡ ማግስት፣ ጠዋት ነው። ጎረቤቶቹ ከየተሸሸጉበት ወጥተው ማን እንደተረፈ ሲጠያየቁ፣ የኮምፒውተር ጥገና ሱቁ በር ገርበብ ብሎ አዩና ገቡ። ሰውየው ከመጠገኛ ጠረጴዛው ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። እጆቹ ወደ ኋላ በኤሌክትሪክ ኬብል ተጠፍረዋል። የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል ገብቷል፤ አጠገቡ የወደቀው የበር መቀርቀሪያ ብረት ላይ ደምና ፀጉር ደርቆበታል።

በዚያ ሰሞን ሬሳ ብርቅ አልነበረም። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በሐይቁ ዳር፣ በየማሳው ውስጥ ሰው ይነሣ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሙስዓብንም ከጦርነቱ ሟቾች ጋር ደምረው፣ ጀናዛው ፀሐይ ሳይበረታ እንዲቀበር ሊያጥቡት ተነሡ። ኢንስፔክተር አራጋው ግን ጥቂት እንዲታገሡት ለመናቸው።

አራጋው የወረዳው ፖሊስ የወንጀል መርማሪ ነው። ከተማዋ ስትያዝ ከባልደረቦቹ ጋር ወጥቶ፣ ሠራዊቱ ሲመለስ ተከትሎ ገብቷል። ደህና እንቅልፍ ካገኘ ሰንብቷል፤ ቢሆንም ዓይኑ ሥራውን አልረሳም። ሬሳውን አገላብጦ የጥይት ቀዳዳ ፈለገ፤ የለም።

«ጠመንጃ የያዘ ሰው፣ ከተማ ለቆ በሚሮጥበት ሰዓት፣ ምን ጊዜ አግኝቶ ሰው ይጠፍራል?» ሲል ረዳቱን ሳጅን ሀምዱን ጠየቀው።

ከዚያ መደርደሪያውን አየ። ደንበኞች ለጥገና የተዋቸው ላፕቶፖች እንደተደረደሩ አሉ። ዘራፊ ቢገባ ኖሮ መጀመሪያ እነሱን ነበር በጆንያ ጠርጎ የሚሄደው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሙስዓብ ራሱ የሚሠራበት ኮምፒውተር። ስክሪኑ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል፤ ሲፒዩው ቆሞበት የነበረው ቦታ ግን አቧራ ሳይነካው በአራት ማዕዘን ጸድቶ ይታያል። ሟቹ የታሰረበት ኬብልም የዚያው ነው። ያን አሮጌና ከባድ ሣጥን ተሸክሞ የሄደ ሰው ዕቃውን ሳይሆን በውስጡ ያለውን ነው የፈለገው ሲል አራጋው አሰበ። ምን እንደነበረበት የሚያውቀው ሰው ግን መሬቱ ላይ ተደፍቷል።

የሙስዓብን ሚስት ኑርሀያትን ለቅሶ ቤት አገኛት። ትንሿ ልጇ አሪፋ ጭኗ ላይ ተኝታለች። ኑርሀያት አታለቅስም፤ ለቅሶው ከውስጧ አልቆ ነበር። ባሏ ከተማውን ያልለቀቀው ሰው አምኖ የተወበትን ዕቃ ጥዬ አልሄድም ብሎ እንደሆነ ነገረችው። መብራት በጠፋበት በዚያ ሁሉ ጊዜ በትንሽ ጄኔሬተር ይሠራ ነበር። በመጨረሻዎቹ ቀናት ግን ምግብ አልወርድ ብሎት፣ ሰው ሲያናግረው እየደነገጠ ነበር። ምን ሆንክ ብትለው፣ አንድ መጥፎ ነገር ማወቁንና መንግሥት ሲመለስ እንደሚናገር ብቻ ነገራት። ተዋጊዎቹ በሚወጡበት ቀን፣ መድፉ እየቀረበ ሲመጣ፣ ሱቁን አይቼ ልመለስ ብሎ ወጣ። አልተመለሰም።

አራጋው ኮምፒውተሩ ውስጥ ምን እንደነበረ ጠየቃት።

«ምን አውቄ፣ አያ አራጋው። እኔ የማውቀው ሲከፈት የሚናገረውን ነው» አለች። ሙስዓብ ከጅዳ እንደተመለሰ የልጁን ድምፅ ቀርጾ፣ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር «አሰላሙ ዐለይኩም አባ» እንዲል አድርጎት ነበር። ደንበኛው ሁሉ እየሳቀ ሰላምታውን ይመልስላት ነበር።

ጠላት ነበረው ወይ ሲላት ጥቂት አቅማማች። ከዚያ የማህዲን ስም አነሣች። ማህዲና ሙስዓብ ጅዳ አብረው የሠሩ፣ አብረው ተመልሰው ሱቁን የከፈቱ ባልንጀሮች ናቸው። ኋላ ተጣሉና ማህዲ አምባሰል ውስጥ ውጫሌ ሄዶ የራሱን ሱቅ ከፈተ። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም።

በምርመራው አራጋውን ከማንም በላይ የረዳው የከተማው ጥበቃ ኃላፊ አብዱልሰመድ ነበር። አብዱልሰመድ የቀድሞ ወታደር ነው፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚያስታርቅ፣ የደሃ እርሻ ጦም ሲያድር በሬ ለምኖ የሚያሳርስ፣ ሰው ሁሉ የሚሰማው። ከተማዋ ስትያዝ ጎልማሶችን ይዞ ወደ አምባሰል ተራራ ወጣ። ሠራዊቱ ሲገባ፣ ሰው ሁሉ የውጊያ ነው ያለው ደም ልብሱ ላይ እንዳለ፣ ከፊት ከፊት እየመራ ወረደ፤ ሕዝቡም በትከሻው ተሸክሞ አስገባው። ይህን አራጋው በገዛ ዓይኑ አይቷል። እሱም ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበር።

ማህዲን ያስያዘው አብዱልሰመድ ነው። ሁለቱ ሲጣሉ ማህዲ «አንድ ቀን ታገኛታለህ» ብሎ መዛቱን የሰሙ ሰዎች አመጣ። አራጋው ማህዲን አስሮ መረመረው። ማህዲ በዚያ ቀን አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ባለ መንደር፣ በሚስቱ ቤተሰቦች ቤት እንደነበረ ተናገረ። አራጋው እዚያው ድረስ ሄዶ አጣራ። የማህዲ ሚስት በዚያው ቀን በጭንቅ ወልዳ ኖሮ፣ አዋላጇም፣ ቃሬዛ ይዘው ደጅ የጠበቁት ጎረቤቶችም ማህዲ ከጎጆው በር አለመንቀሳቀሱን መሰከሩ። ለቀቀው። ማህዲ ከፖሊስ ጣቢያው ሲወጣ ማንንም ሳይጨብጥ ሄደ።

ቀጥሎ ሀሚድ መጣ፤ ያውም በሸክም። ሥራ ፈት ወጣት ነው፤ በግርግሩ ዕቃ ተሸክሞ ሲሮጥ ታይቷል። የጥበቃ ሰዎች ይዘውት፣ ሙስዓብን ገድለህ ኮምፒውተሩን የወሰድክ አንተ ነህ ብለው በዱላ አጥንቱን ሰብረው አስረከቡት። አፉ አብጦ ንግግሩ አይሰማም ነበር።

«ስኳር ነው የወሰድኩት፣ ወላሂ» አለ ሀሚድ። «አያ አራጋው፣ እስር ቤትህን አልጠላሁም። ለነሱ ብቻ አትመልሰኝ። ሰው እስኪሞት ነው የሚመቱት፤ አይቻለሁ።»

አራጋው ይህን የተደበደበ ሰው ፍርሃት አድርጎ ወሰደውና አልገፋበትም። የስኳሩ ነገር እውነት ሆኖ ተገኘ። መድፉ ሲወርድ በነበረበት ሰዓት ሁሉ ሀሚድ መስጊድ ውስጥ ከሽማግሌዎች ጋር ተሸሽጎ እንደነበረ ኢማሙ ራሳቸው ቀርበው ተናገሩ። ሀሚድ ከሐኪም ቤት ሲወጣ አንድ እግሩ አጥሮ ቀረ።

ከዚያ በኋላ መዝገቡ ቆመ። ጦርነቱ በዚያው መንገድ እንደገና ተመላልሶ፣ በመጨረሻ ሰላም ወረደ ተባለ። መብራት ተመለሰ። ሰው ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ። አራጋው ኑርሀያትን መንገድ ላይ ባገኛት ቁጥር ሰላምታውን አሳጥሮ ያልፍ ጀመር።

አንድ ቀን ስልኩ ጮኸ። «ማህዲ ነኝ። ያን ጊዜ ያሰሩኝ» አለ ሰውየው። «ውጫሌ ይምጡ። በስልክ የሚሆን አይደለም።»

አራጋው ሀምዱን አስከትሎ ሄደ። በማህዲ ሱቅ ውስጥ ዑምኩልሱም የምትባል ሴት ተቀምጣለች፤ የአንድ የገበሬዎች ማኅበር ጸሐፊ ናት። ከፊቷ አሮጌ ሲፒዩ ቆሟል። ችግሯን ለኢንስፔክተሩም ደግማ አስረዳችው። ኮምፒውተሩ በየጠዋቱ ሲከፈት አንድ የስህተት መልእክት ይወጣል። እሺ የሚለውን ስትጫነው ይጠፋል፤ ሥራዋን ትሠራለች፤ በነጋታው ይመለሳል። አንዱ ጠጋኝ ቫይረስ ነው ብሎ አጸዳው፤ ተመለሰ። ሌላው ፕሪንተሩ ነው ብሎ ነቅሎ ተከለው፤ ተመለሰ። ሦስተኛው እሺ ማለት ይበቃል፣ ከሱ ጋር ኑሪ አላት።

ማህዲ ምንም ሳይናገር ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አስነሣው። ስክሪኑ በራ፤ ወዲያው መሐል ላይ ትንሽ መስኮት ብቅ አለች።

«ፋይሉን ማግኘት አልተቻለም ነው የሚለው» አለ ማህዲ። «የፋይሉን ስምና የነበረበትን ቦታ ራስዎ ያንብቡት።»

አራጋው ጎንበስ ብሎ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቀመ። ሙስዓብ ይላል። ቀጥሎ አሪፋ ይላል።

«ሙስዓብ ይሄን ኮምፒውተር ሲነሣ የአሪፋን ድምፅ አሰማ ብሎ አዞታል» አለ ማህዲ። «የወሰደው ሰው የሙስዓብን ፋይል በሙሉ አጥፍቷል። ትእዛዙ ግን ሌላ ቦታ ነው የሚቀመጠው፤ መኖሩንም አላወቀ። ስለዚህ ይሄ ዕቃ በየጠዋቱ ልጅቷን ይፈልጋል፤ ያጣታል፤ አጣኋት ብሎ ይናገራል።»

አራጋው ማህዲን፣ ዕቃው አንተ ሱቅ ተገኘ ሲባል መጀመሪያ የምትጠረጠረው አንተ ራስህ መሆንህን እያወቅህ ለምን ጠራኸኝ አለው።

«የእኔ ስም አንዴ ጠፍቷል» አለ ማህዲ። «የገደለው ሰው ግን እስካሁን በሰላም ይሄዳል።»

ዑምኩልሱም የምታውቀውን ተናገረች። ቢሯቸው በጦርነቱ እስከ አምፖሉ ድረስ ተዘርፎ ነበር። ያለው ሰው ይርዳን ብለው ሲጠይቁ፣ አክስቱ እነሱ ቀበሌ የምትኖር አንድ የሐይቅ ሰው ይህን አምጥቶ በስጦታ ሰጣቸው። ኑርሁሴን ይባላል። ለእኔ አይረባኝም፣ ከምጥለው ብዬ ነው ብሏቸዋል።

አራጋው ኑርሁሴንን ያውቀዋል። ከአብዱልሰመድ የጥበቃ ሰዎች አንዱ ነው።

ማህዲ የጠፋውን ፋይል ለመመለስ ሞከረ። የተሰረዘ ነገር ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ከሥሩ እንደሚቆይ አስረዳቸው፤ ሆኖም የማኅበሩ ደብዳቤዎች ብዙውን ሸፍነውታል። እስኪመሽ ድረስ የወጣው ሁሉ ስብርባሪ ነበር። በመጨረሻ አንድ ፎልደር ደህና ሆኖ ወጣ። ሙስዓብ የደንበኛ ስልክ ሲጠግን ያለበትን ገልብጦ በደንበኛው ስም ማስቀመጥ ልማዱ ነበር። በዚህኛው ላይ «የኑርሁሴን ስልክ» ብሎ ጽፎበታል። ውስጡ ያሉት ፎቶዎች ግን የኑርሁሴን አይደሉም። ሲሚንቶ የለበሰ ቀጭን ሰው ግንብ ላይ ቆሞ ይስቃል፤ የፊት ጥርሶቹ ፍንጭት ናቸው። በሌላኛው ያው ሰው እንሰት ሥር ከቆሙ አንዲት አሮጊት ጋር ታቅፏል።

አራጋው ሰውየውን አላወቀውም። ሀምዱ ግን ከኋላው እጁን ዘርግቶ ፍንጭቱን ጥርስ በጣቱ ነካ። «እኔ ቀብሬዋለሁ» አለ።

ከተማዋ ነፃ በወጣች ሰሞን፣ ጥበቃዎቹ መንገድ ይዘጉበት ከነበረው ኬላ በታች፣ ማንነቱ ያልታወቀ ሬሳ ተገኝቶ ነበር። ሰንብቷል፤ ፊቱ ተቀጥቅጧል፤ የቀረው ጥርሱ ብቻ ነበር የሚለይ። ሀምዱ ከሌሎች ጋር ሆኖ አፈር አለበሰው። ጦርነት ነው ተብሎ ማንም አልጠየቀም።

አራጋው፣ ሙስዓብ ሲገደል ተራራ ላይ ነበረ ብሎ ያልጠረጠረው አብዱልሰመድ ጋ በማግስቱ ጠዋት ሄደ። ኮምፒውተሩ መገኘቱንና ከኑርሁሴን እጅ መውጣቱን ነገረውና፣ ሰውየውን ሳይሸሽ በዘዴ እንዲያመጣለት ጠየቀው። አብዱልሰመድ በጣም አዘነ። ከእኔ ሰዎች መሐል እንዲህ ያለ ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር አለ። ከዚያ የአራጋውን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

«አብሽር። እኔ አመጣልሃለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ዓሣ አጥማጆች ኑርሁሴንን በሐይቁ ዳር ደንገል ውስጥ አገኙት። ሆዱ ሁለት ቦታ በጩቤ ተቀዷል፤ ግማሽ ሰውነቱ ውኃ ውስጥ ነው። የሞተ መስሏቸው ሊጎትቱት ሲሉ አቃሰተ። አራጋው ደርሶ በባጃጅ ጫነው፤ ጭኑ ላይ አስተኝቶ ሁለት እጁን ቁስሉ ላይ ተጫነ። ደሙ በጣቶቹ መሐል ሞቆ ይወጣል። ባጃጁ ወደ ሐኪም ቤት ሲከንፍ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር በራሱ ውስጥ የሚዞረው። ስለ ኑርሁሴን የነገረው ለአንድ ሰው ነው።

ኑርሁሴንም የሚሞት ስለመሰለው መንገድ ላይ ተናገረ። ቃሉ እየተቆራረጠ ቢሆንም ነገሩ ግልጽ ነበር።

ከተማዋ ልትያዝ አንድ ቀን ሲቀራት ኬላው ላይ አንድ መንገደኛ ያዙ። መታወቂያ አልያዘም፤ አማርኛው ይሰባበራል። አብዱልሰመድ ሰላይ ነው አለ። ሁሉም በዱላና በድንጋይ ወረዱበት፤ ሰውየው ውኃ እያለ ሲለምን አብዱልሰመድ በሰደፍ ጨረሰው። ኑርሁሴን የሟቹን ስልክ ወሰደ። ስልኩ የተቆለፈ ስለነበር የራሴ ነው ብሎ ሙስዓብ እንዲከፍትለት ሰጠው። ሙስዓብ ከፈተው፤ ያለበትን ገለበጠ፤ ሰውየውን አየ፤ ሰላይ ተብሎ ኬላው ላይ የተገደለው እሱ መሆኑም ገባው። ከደቡብ መጥቶ ውጫሌ ግንብ ሲገነባ የከረመ፣ ውጊያ ሸሽቶ ወደ እናቱ የሚሄድ ግንበኛ ነበር። ሙስዓብ ኑርሁሴንን ጠርቶ ፎቶዎቹን አሳየው፤ ፖሊስ ሲመለስ አብረን እንናገር ብሎ ለመነው።

ኑርሁሴን ስንቅ ይዞ ተራራ ሲወጣ ይህን ለአብዱልሰመድ ነገረ። ተዋጊዎቹ በሚወጡበት ቀን አብዱልሰመድ ከሠራዊቱ ቀድሞ፣ ብቻውን፣ በሐይቁ ዳር ወረደ። ኑርሁሴን እጁን አሰረ፤ አብዱልሰመድ መታ። ከዚያ ስልኩንም ኮምፒውተሩንም ሐይቅ ውስጥ ጣለው ብሎት ወደ ተራራው ተመለሰና፣ ከሠራዊቱ ጋር እንደ አዲስ ገባ። አራጋው በትከሻው ሲሸከመው ልብሱ ላይ የነበረው ደም የሙስዓብ ነበር።

አራጋው ኮምፒውተሩን ለምን እንዳልጣለው ጠየቀው።

«ደህና ዕቃ ነበር» አለ ኑርሁሴን። «ውኃ ውስጥ መጣሉ አሳዘነኝ።»

አራጋው ኑርሁሴንን ለሐኪሞቹ ትቶ፣ ደሙን ሳይታጠብ፣ ሀምዱንና ሌሎች ፖሊሶችን ይዞ ወደ አብዱልሰመድ ቤት ሄደ። ወሬው ቀድሞት ነበር። ደጁ ላይ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ በስህተት ነው፣ እሱ ሰው የሚገድል አይደለም እያሉ መንገድ ያዙበት። አራጋው አፉ በሉኝ ብሎ በመሐላቸው አለፈ።

በሩን እንደገፋው ተኩስ ተከፈተበት። የመጀመሪያው ጥይት ግራ ክንዱን ሰብሮ ወጣ። ሁለተኛው ከኋላው የነበረውን የበር ምሰሶ ሰነጠቀው። አራጋው በጉልበቱ ወደቀ። ሀምዱ ከግድግዳው ጥግ ዘሎ ወጥቶ ተኮሰ፤ አብዱልሰመድ ጭኑን ተመቶ በጀርባው ተንጋለለ። ጠመንጃውን ሊያነሣ ሲንፏቀቅ ሀምዱ በጫማው እጁን ረገጠው፤ የጣቶቹ መሰበር ደጅ ድረስ ተሰማ። ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ።

አራጋው በደህናው እጁ ቀበቶውን ፈትቶ የአብዱልሰመድን ጭን፣ ደሙ እንዲቆም፣ በሀምዱ እርዳታ አሰረው። አብዱልሰመድ ላብ አጥምቆት ጣሪያውን ያይ ነበር።

«የኬላውን ሰውዬ ሰላይ መስሎኝ ነው» አለ።

«ሙስዓብንስ?»

አብዱልሰመድ ዓይኑን ወደ ሽማግሌዎቹ አዞረ። «ሙስዓብን አውቄ ነው። ሰው እንዴት እንደሚያየኝ ታውቃለህ። አፉን ቢከፍት ነፍሰ ገዳይ ሊያደርገኝ ነበር።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዞር ብሎ ወጣ፤ ከዚያ ሌላው። አብዱልሰመድ በቃሬዛ ሲወጣ ደጁ ላይ ማንም አልነበረም።

ኑርሁሴን ከቁስሉ ተርፎ የምስክርነት ቃሉን ሰጠ፤ ከዚያ እሱም ከአብዱልሰመድ ጋር ታሰረ። የኬላው ሌሎች ሰዎችም አንድ በአንድ ተያዙ። አራጋው ማህዲን ሱቁ ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀው። ማህዲ እጁን ዘርግቶ ጨበጠው፤ ተቀመጥ ግን አላለውም።

ሙስዓብ ከስልኩ ከገለበጣቸው ነገሮች መሐል የግንበኛው ስምና የእናቱ ቁጥር ተገኘ። አንጁሎ ይባላል። አራጋው ደወለ። አሮጊቷ አማርኛ ስለማይሰሙ የወንድማቸው ልጅ ተቀበለው። አራጋው ማንነቱን ተናግሮ ልጃቸው መሞቱን አረዳ፤ የቀረውን ፊት ለፊት ብነግራቸው ይሻላል አለ። በስልኩ ውስጥ ዋይታ ሰማ።

እናትየው ከወንድማቸው ልጅ ጋር በአውቶቡስ መጡ። አራጋው ክንዱን በፋሻ አንግቶ መናኸሪያ ሲደርስ ኑርሀያት ቀድማው ቆማለች። ማንም ነዪ አላላትም። የምትናገረውን አሮጊቷ እንደማይሰሙ እያወቀች፣ ባሌ ልጅሽን አይቶታል፣ ዝም ሊል አልፈለገም አለቻቸው። ከዚያ እጃቸውን ይዛ ወደ መቃብሩ መራቻቸው። ከከተማው ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ከኋላ ተከተሉ።

አሮጊቷ የአፈሩን ክምር ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቁ፤ ወጣቱ ወደ አማርኛ መለሰው።

«ልጄን ማን ገደለው ነው የምትለው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጦርነቱ ነው እናቴ፣ ብዙ ሰው ነው የበላው ማለት ጀመረ።

«ጦርነቱ አይደለም» አለ አራጋው። «እኛ ነን። የዚህ ከተማ ሰዎች ነን የገደልነው። እንደተናገርኩት ንገራት።»

ወጣቱ አራጋውን አየው፤ ሽማግሌዎቹን አየ። ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞሮ ነገራቸው። አሮጊቷ ሰምተው ነጠላቸውን መሬት ላይ አነጠፉና መቃብሩ አጠገብ ተቀመጡ። ኑርሀያት ከጎናቸው ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹም አንድ በአንድ፣ ከአሮጊቷ ፈንጠር ብለው፣ አፈሩ ላይ ተቀመጡ።